ከግድግዳው ሥር የተቀበረው ብረት

ሰው በሰው ቤት ግድግዳ ሥር ብረት የሚቀብረው ለምን ብሎ ነው? ይህን ጥያቄ ስንት ቀን እንዳገላበጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። መልስ አላገኘሁለትም።

ነገሩ የጀመረው ልጄ ፈንታነሽ ከኩዌት ስትመለስ ነው። ስድስት ዓመት ሠርታ መጣችና፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ መንገዱን በያዘው ክፍላችን ጸጉር ቤት ልክፈት አለች። ጸጉር ማድረቂያውን ካስክ እንኳ ከዚያው ተሸክማው መጥታለች። መስመር ልትጠይቅ መብራት ኃይል ብትሄድ፣ አዲስ መመሪያ ወጥቷል፣ የቤታችሁ ሽቦ ካልተቀየረ አይሆንም አሏት። ሶኬቱ ሁሉ ሦስተኛ ሽቦ ይግባበት፣ ችግር ሲኖር ራሱ የሚያጠፋ ብሬከር ይኑረው ተባለ። እኔ ሃያ ዓመት በሁለት ሽቦ ኖሬአለሁ፤ ማንም አልሞተብኝም።

"ያኔ የነበረሽ አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነዋ፣ እማዬ" አለችኝ።

ሽቦውን ሊዘረጋ የመጣው አስማማው የሚባል የአንበሳሜ ልጅ ነው። ዝምተኛ ነው። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ያስፈራኛል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው አይታወቅም። ፈንታነሽን አቀርቅሮ ነው የሚያናግራት። ምሳ ስታቀርብለት "ጠግቤአለሁ" ይላል። በቤቴ ውሎ እህሌን የማይቀምስ ሰው ምን አስቦ ነው?

በሦስተኛው ቀን ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ፣ ከግድግዳው ሥር፣ የልብስ እጣቢ የምንደፋበት ቦታ ላይ፣ ቁመቴን የሚያህል ብረት መሬት ውስጥ እየሰደደ ነው።

"ምን እያደረግህ ነው አንተ?"

"ብረት እየቀበርኩ ነው፣ እማማ።" ዓይኑን እንኳ አላሸም።

"በእኔ ግቢ?"

"ይሄ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ከብረቱ ጋር ይታሰራል። ከዕቃው ያመለጠ መብራት በዚህ በኩል መሬት ይገባል፤ ሰው አይነካም። አንቱ ብቻ ቦታው እንዳይደርቅ ውሃ ያፍስሱበት።"

"ከቤቴ ምን የሚያመልጥ ነገር አለና?"

ሳቅ አለ። "እሱ ያመለጠ ዕለት ነው የሚታወቀው።"

የተቀበረ፣ የታሰረ፣ ውሃ የሚጠጣ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፣ ጅል አይደለሁም። ግን የጎረቤቴ የማስተዋል ትዳር ሲፈርስ፣ ከደጃፏ ሥር በክር የተጠመጠመ ሚስማር ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ጣት የማታህል ሚስማር ናት። ይሄ ስንት ትዳር ያፈርሳል?

ለፈንታነሽ ነገርኳት። "መመሪያው ነው" አለች።

"መመሪያው ቤቷ ሥር ቅበሩባት ይላል?"

"ይላል። ላንብብልሽ?" ስልኳን አወጣች። ስልክ ላይ ያለውን ማን እንደጻፈው በምን አውቃለሁ?

ውሃ አፍስሺ አይደል የተባልኩት? አፈሰስኩ፤ ጠበል። ሦስት ቀን ጧት ጧት በስመ አብ እያልኩ አፈሰስኩበት። አስማማው ጀሪካኑን ይዤ ሲያየኝ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አለ። ምን እንደያዝኩ ቢያውቅ እንዲህ አይልም ነበር። ብረቱ ግን ያው ብረት ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

ጠበሉን በጀመርኩ በአራተኛው ቀን ፒንሳውን መደርደሪያችን ላይ ትቶ ሄደ። ፈንታነሽም ገበያ ወጣች። አፈሩን በእጄ ጫርኩና ሽቦውን ከብረቱ አጠገብ በገዛ ፒንሳው ቆረጥኩት። አፈሩን መልሼ ረገጥኩ፣ ፒንሳውን ቦታው አስቀመጥኩ። ለልጆቼ ብዬ ነው።

ሁለት ቀን አለፈ። የፈንታነሽ ልጅ ትዕግሥት፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ካስኩን አብርታ ከሥሩ ተቀምጣ ትጫወት ነበር። ድንገት እጇን ሰበሰበች። "አያቴ፣ ብረቱ ይነዝረኛል።"

ካስኩ ከተተከለ ጀምሮ እንዲህ አድርጎ አያውቅም። እጇን አገላብጬ ባይ ምንም የለበትም። ይኸው፣ ሲቆረጥበት ተቆጣ፣ አልኩ በልቤ። ፈንታነሽ ስትመጣ "ያ ሰው አንድ ነገር አድርጎብናል" አልኳት። ዛሬ ግን ሰማችኝ።

ሐሙስ ዕለት ባዩ የሚባለው የመብራት ኃይል ተቆጣጣሪ ከአስማማው ጋር መጣ። መለኪያውን ሶኬቱ ላይ አንዴ ሰካ፣ ደግሞ ሰካ።

"አስማማው፣ ይሄ ቤት የመሬት መስመር የለውም።"

"አለው። እኔው ነኝ የቀበርኩት።"

"እኔ የምፈርመው መለኪያው ያለውን ነው። ለይምሰል የተተከለ ብዬ ልጻፈው?"

ፈንታነሽ መሐል ገባች። "ልጄን ነዝሯታል፣ ታውቃለህ? አምኜህ ቤቴን ሰጠሁህ። አንድ ብረት አቁመህ ልታታልለኝ? ብትሞትብኝስ?"

አስማማው ዘወር አለ። መደርደሪያው ላይ ያለችውን ፒንሳ አነሣ። ጥርሷ ላይ የጓሮው ቀይ ጭቃ ደርቋል። እንዴት ሳላጥባት ቀረሁ? ፒንሳዋን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩ።

ወደ ጓሮ ወጣ፣ ተከተልነው። አፈሩን ሲጭረው የተቆረጠው ጫፍ ብቅ አለ።

"ይሄማ ተቆርጧል" አለ ባዩ ጎንበስ ብሎ። "ማን ቆረጠው?"

አስማማው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ሽቦውን ላጠና ከብረቱ ጋር አጥብቆ አሰረው።

"ቦታውስ ጥሩ እርጥበት አለው" አለ ባዩ። ጠበሌ ነው ልል ነበር፣ አፌ ላይ ቀረ።

ገብተን መለኪያውን እንደገና ሲሰካ፣ ባዩ ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ ፈረመ። ፈንታነሽ ካስኩን አበራች። ማንም ሳይዛት ትዕግሥት እጇን ብረቱ ላይ አሳረፈች።

"አሁን አይነዝርም" አለች።

"አስማማው" አለች ፈንታነሽ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ "ማን ነው የቆረጠው?"

አሁን ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ለምን አይናገርም? ዝም ያለልኝ ከእኔ ምን ፈልጎ ነው? ልጄን? እኔ ነኝ ማለት ሲገባኝ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ፤ ትዕግሥት ደግሞ ነጠላዬን ይዛ ቀና ብላ ታየኛለች።

አስማማው ፒንሳዋን በሱሪው ጠረገ፣ ጭቃው እስኪለቅ ጠረገና ቦርሳው ውስጥ ጨመራት። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አነገተ። መቃኑ እንዳይነካው ጎንበስ ብሎ ወጣ።