ለዘፈን የሚያምር ቃል

ፈኽሪ ያን ንግግር የሰማው የወተት ጥርሱ ሳይነቃነቅ፣ ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር በሚገኘው የአያቱ ቤት፣ ከናስ አልጋ ሥር ተደብቆ ነው። ከማን እንደተደበቀ ረስቶታል። የብል መድኃኒቱ ሽታ ግን ዛሬም ካፍንጫው አልወጣም። ከበሩ ወዲያ አንዲት ሴት፣ «ቋጠሮው ከእጄ ይሁን» አለች። ማንኪያ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ተንኳኳ። አንድ ወንድ ሳቀ። ከዚያ ሌላ ሰው ረጋ ብሎ የሆነ ነገር መለሰላትና ቤቱ ጸጥ አለ። መልሱ ምን ነበር? እሱ ነው የጠፋው። የሴትየዋ ቃል ጆሮው ውስጥ ቀረ፣ የሰውየው ቃል አልጋው ሥር ቀረ።

ቋጠሮው ምን እንደሆነ ሲያድግ ገባው። የሕግ ሰዎች ዒስማ ይሉታል፤ የፈኽሪ ዘመዶች ቋጠሮ ነው የሚሉት። ሚስት ቢከፋት የባሏን አፍ ሳትጠብቅ ራሷን ከጋብቻው መፍታት እንድትችል፣ ገና ኒካህ ሲታሰር የሚሰጣት መብት ነው። ሸሪዓው ይፈቅዳል። ሹብራ ግን አይፈቅድም። ቋጠሮውን ለሚስቱ የሰጠ ባል ሻይ ቤት ሲገባ፣ ጓደኞቹ ወንበር ስበው «እመቤት፣ ይቀመጡ» ነው የሚሉት።

የጠየቀችው አክስቱ ፊክሪያ ነበረች። ፊክሪያ የሞተች ሴት አይደለችም። እዚያው ፈኽሪ ቤት፣ ከኩሽናው ጎን ባለችው ክፍል፣ ሬዲዮዋ ላይ ቁርኣን እያዳመጠች ባቄላ ትለቅማለች። በሩን ገፋ አድርጎ፣ «አክስቴ፣ ያን ቀን ምን ብለው መለሱልሽ?» ቢላት ትነግረው ነበር። ግን ፈኽሪ የዘፈን ግጥም ደራሲ ነው። የዘፈን ግጥም ደራሲ ደግሞ ከመጠየቅ ይልቅ መመሰጥ ይቀናዋል።

አንድ ቀን ሙምታዝ ቤይ የሚባለው ፕሮዲውሰር ዶኪ ሰፈር ባለው ስቱዲዮው ሰዎቹን ሰበሰበ።

«ዘንድሮ ገበያው የሴት ነው» አለ ሲጋራውን እየለኮሰ። «ክህደት ተዘፈነ፣ ናፍቆት ተዘፈነ፣ የባሕር ዳርቻ ፍቅርማ አሸዋው አለቀ። አሁን የምፈልገው ጠንካራ ሴት ነው። ኡስታዝ ፈኽሪ፣ ጠንካራ ሴት ታውቃለህ?»

ፈኽሪ አሰበ። ሚስቱ ኢንሺራህ አሳንሰሩ ከተበላሸ ጀምሮ የጋዙን ሲሊንደር በትከሻዋ ተሸክማ ነው ደረጃውን የምትወጣው። እሷ ግን ትዝ አላለችውም።

«በምናቤ አውቃለሁ» አለ።

ስቱዲዮው ውስጥ ሙምታዝ ቤይ፣ ዜማ ደራሲው፣ ፈኽሪና ወጪውን የሚሸፍነው የሳሙና ፋብሪካ ተወካይ ነበሩ። ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ስለዚህ ሴት ልጅ ምን እንደሚሰማት ለመወሰን ብዙ ክርክር አላስፈለገም። ዜማ ደራሲው፣ ሴት ሲከፋት ድምፅዋ ሽቅብ ይወጣል፣ ከአማቴ ነው የማውቀው አለ። የሳሙናው ተወካይ ሐሳቡን ሁሉ እደግፋለሁ፣ ነፃነትም ደስ ይለኛል፣ ብቻ በቪዲዮው ላይ ሴትየዋ የታሰረችበትን ገመድ ከበጠሰች በኋላ የባሏን ሸሚዝ ብታጥብ፣ ሸሚዙም በጣም ነጭ ቢሆን አለ። ሰንሰለት የሰበረች ሴት እጇ ባዶ መቅረት እንደሌለበት ሁሉም ተስማሙ።

ያን ጊዜ ፈኽሪ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ከአልጋው ሥር ያመጣትን ቃል አወጣት፦

ቋጠሮው ከእጄ ነው፣ መፍቻውም ከእጄ፤
ቢመቸኝ ገብቼ፣ ቢከፋኝ ሄጄ።

ሙምታዝ ቤይ ሲጋራውን ከአፉ አነሣ። «ወላሂ፣ እኔ ራሴ ሴት መሆን አማረኝ።»

ዘፋኟ ናርዲን መጣች። ግጥሙን አነበበች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በጣም ደስ ይላል። ባለቤቴ ግን ይየው።» ባለቤቷ ሥራ አስኪያጅዋም ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ቅንድቡን ሰቀለ።

«‹ቢከፋኝ ሄጄ› ትላለች። ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ዘፈን ነው እኮ ሐቢቢ።»

«ዘፈንስ ቢሆን፣ ሰው ሲሄድ የሚሄድበት ይታወቃል።»

በቪዲዮው ላይ ወደ እናቷ ቤት እንድትሄድ ተወሰነና ነገሩ በሰላም አለቀ።

ዘፈኑ በወጣ ሰሞን ካይሮ ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበራትም። ከሁሉ በላይ የወደዱት ወንዶች ናቸው። የባጃጅ ሾፌሮች እስከ መጨረሻው ከፍተው፣ መንገድ ላይ የምትሄድን ልጅ እግር በእግር እየተከተሉ፣ «ነይ ግቢ እንጂ የቋጠሮዋ ባለቤት!» ይሏታል። የሠርግ አዳራሾች ሙሽራዋን ከወንበሯ ሲያስነሡ እሱን ነው የሚከፍቱት። ሙሽራው በጣቱ ገመድ መፍታት እያስመሰለ ይጨፍራል፤ አባቱ ከኋላው ያጨበጭባል። አንድ ሰባኪ በቴሌቪዥን ዘፈኑን አላዳመጥኩትም፣ ነገር ግን ያሳፍራል አሉ። ከዚያ በኋላ ያላዳመጠው ሁሉ አዳመጠው።

ፈኽሪም ቴሌቪዥን ላይ ቀረበ። ጠያቂዋ አገጯን በእጇ ደግፋ፣ «ኡስታዝ፣ ሴትን እንዲህ መረዳት ከየት መጣ?» አለችው።

«ከማዳመጥ» አለ ፈኽሪ በእርጋታ። በማስታወቂያው እረፍት ላይ ደግሞ ለኢንሺራህ ስልክ ደውሎ ሙሉኺያ ወጡ ላይ ነጭ ሽንኩርት እንዳታበዛ አሳሰባት።

አንድ የሴቶች ማኅበር «የሴቶች ወዳጅ» የሚል የብርጭቆ ዋንጫ ሸለመው። ዋንጫው ከማቀዝቀዣው ላይ ተቀመጠ። የካይሮ አቧራ ለሴቶችም ለወዳጆቻቸውም አያዝንምና፣ ኢንሺራህ ጠዋት ጠዋት ትወለውለዋለች።

የፈኽሪ ልጅ ሻሂንዳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሻዲ ለሚባል ልጅ ታጭታለች፤ ኒካሁም በሚቀጥለው ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በሰፈሩ መስጊድ ሊታሰር ነው። የሻዲ አባት ሃጅ መድቡሊ ማቀዝቀዣ ሻጭ ናቸው፤ የስልካቸው ጥሪ ሳይቀር «ቋጠሮው ከእጄ» ነው። ፈኽሪን ባገኙት ቁጥር ትከሻውን እየመቱ፣ «ሴቶቹን አበላሸህብን አንተ ሰውዬ!» ይሉና እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ ሻሂንዳ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ባባ፣ ቋጠሮውን እፈልጋለሁ።»

«ካሴቱ ቢሮዬ ነው፣ ውሰጂ።»

«ዘፈኑን አይደለም። ኒካሁ ላይ። ዒስማው በእጄ እንዲሆን።»

ፈኽሪ የጎረሰውን በውሃ አወራረደ። «ሻዲ በደለሽ?»

«አልበደለኝም።»

«ትጠረጥሪዋለሽ?»

«ባባ፣ ቤታችን በር ቁልፍ አለው። አንተን ስለምጠረጥር ነው?»

«ሹብራ ምን ይላል? ሃጅ መድቡሊ ምን ይላሉ?»

«ሃጅ መድቡሊ ስልካቸው በጮኸ ቁጥር እየዘፈኑት አይደል እንዴ!»

ኢንሺራህ ቀና አላለችም፤ ሩዙን በማንኪያዋ ታስተካክላለች። ሻሂንዳ ቀጠለች። ኒካህ የሚያስሩትን ሼኽ ጠይቃቸዋለች። ሼኹም፣ ሐላል ነው ልጄ፣ ነገር ግን ቃሉ ሲድሩሽ አብሮ መነገር አለበት ብለዋታል። አባት የሙሽራውን እጅ ጨብጦ፣ በእጆቻቸው ላይ ነጩ መሐረብ ተነጥፎ፣ «ልጄን ዳርኩህ» ሲል፣ እዚያው ላይ «ጉዳይዋ በእጅዋ ሆኖ» ይላል። ሙሽራው «ተቀበልኩ» ካለ አበቃ። አባትየው ሳይለው ካለፈ ግን አለፈ፤ በኋላ መለመን የባል ደጅ መጥናት ነው።

«ስለዚህ የምትለው አንተ ነህ» አለች። «በአፍህ።»

ፈኽሪ መስጊዱ ታየው። ጎረቤቶቹ፣ የሻይ ቤት ጓደኞቹ፣ ማዶ ለማዶ የተደረደሩት የሙሽራው አጎቶች፤ በላዩም ላይ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ። ቃሉን ለአገር ሁሉ ሲሰጥ ያልተሰማው ላብ አሁን ከጆሮው ጀርባ ወረደ።

«ስሚኝ ልጄ» አለ፣ ቴሌቪዥን ላይ የተናገረበትን ድምፅ አምጥቶ። «እሱ እኮ ለዘፈን የሚያምር ቃል ነው። ለኒካህ አይሆንም።»

ከኩሽናው ጎን ካለችው ክፍል ሳቅ ተሰማ። ቀጭን፣ ጥርስ የሌለው፣ ረጅም ሳቅ። ሬዲዮው ተዘጋ። አክስት ፊክሪያ የባቄላ ትሪዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ይቺን ቃል እኮ አውቃታለሁ!» አለች። «ከየት ቆይታ መጣች በሉ!»

«የትኛዋን አክስቴ?»

«‹ለዘፈን ያምራል፣ ለኒካህ አይሆንም›። አባትህ ነው ያላት፣ ነፍሱን ይማረው። አባቴ ሳቀብኝ፤ አባትህ ግን ሻዩን እያማሰለ፣ ልክ እንዳንተ ለስለስ አድርጎ፣ ‹እህቴ፣ እሱ ለዘፈን የሚያምር ቃል ነው› አለኝ። ድምፅህማ ቁርጥ እሱ።»

ፈኽሪ እጁ ላይ ያለው ዳቦ ተረሳው። የብል መድኃኒቱ ሽታ መጣ፤ ማንኪያው ብርጭቆ ውስጥ ተንኳኳ። ስንት ዘመን ሲመሰጥበት የኖረው ዝምታ ውስጥ የነበረው ይኸው ነበር። አባቱ የተናገረው ምንም የሚያስደንቅ አልነበረውም። እሱ ራሱ፣ አሁን፣ ሙሉኺያ እየበላ ብሎታል።

«ነግረሽኝ አታውቂም እኮ» አለ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» ፊክሪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ያገባኝ ሰውዬ እስክንድርያ ሄዶ ሌላ አገባ። ‹አልይዝሽም፣ አልፈታሽም› አለኝ። ሚስት አይደለሁ፣ ፈት አይደለሁ፤ እንደ ታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰቅዬ ፀሐይ ጠጣሁ። ዳኞቹ ‹ምን በደለሽ?› ይሉኛል። ምን ልበል? የለም እኮ ሰውየው! ነፃ የወጣሁት መሞቱን ስሰማ ነው። ለምስጋና ግንባሬን ደፍቼ ሱጁድ ወረድኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። በሰው ሞት ሱጁድ ይወረዳል?» ወደ ሻሂንዳ ዞረች። «ይቺ ልጅ ፀጉሬን እያበጠረች ነው ይሄን የሰማችው። እሷ ትጠይቃለች።»

ከመንገድ ባጃጅ አለፈ፤ ዘፈኑ እስከ መስኮቱ ወጥቶ ተመልሶ ወረደ።

«ሻዲስ?» አለ ፈኽሪ በመጨረሻ። «እሱ ምን ይላል?»

«ነገርኩት። አባቱን ይፈራል፤ አልዋሽህም። ግን ምን አለኝ መሰለህ? ‹ኡስታዝ ፈኽሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ካለው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቀበልኩ እላለሁ። እሱ ከዋጠው ግን፣ ደራሲው የፈራውን እኔ ልድፈረው?›»

«በለሆሳስ ብለውስ? ሼኹ ብቻ እንዲሰሙት?»

«እንግዲያው ሃጅ መድቡሊ ነገ አልሰማሁም ይላሉ» አለች ፊክሪያ። «አልሰማሁም ማለት ቀላል ነው። አንተስ አልጋ ሥር ሆነህ ግማሹን ብቻ አይደል የሰማኸው?»

«እዚያ እንደነበርኩ ታውቂ ነበር?»

«እግርህ ይታይ ነበር እኮ፣ ጅሉ።»

ፈኽሪ ወደ ኢንሺራህ ዞረ። ሚስቱ ልጅቷን ተይ እንድትልለት፣ አልያም ሻይ ላፍላ ብላ ነገሩን እንድትቆርጥለት ፈልጎ ነው፤ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ነገር ሲጠጥር ሻይ ነበር የሚፈላው። ኢንሺራህ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ፈኽሪ» አለች፣ «እዚያ ላይ ያለውን ዋንጫ ጠዋት ጠዋት የምወለውለው እኔ ነኝ። ‹የሴቶች ወዳጅ› የሚል ጽሑፍ አለበት፤ ፊደሉ ጎድጎድ ስለሚል አቧራው እየገባ ያስቸግራል። ወይ ሐሙስ ቃሉን ተናገር፣ ወይ ከዛሬ ጀምሮ ራስህ ወልውለው።»

ዋንጫው ከማቀዝቀዣው ላይ ያብለጨልጫል። ፈኽሪ አየው። ሹብራንም አየ፣ ወንበሩ ሲሳብለትና «የእመቤት አማች፣ ይቀመጡ» ሲባል። የሃጅ መድቡሊ ሳቅ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርቅ ታየው። አክስቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ባቄላዋን ትለቅማለች፤ መጥፎዋን ወዲህ፣ ደህናዋን ወዲያ፣ ያለ ችኮላ፣ መልስ መጠበቅ እንደለመደ ሰው።

«ከዘፈኑ ላይ ሁለቱን ስንኝ ብልስ?» አለ። «ባማረ አባባል?»

«ሳታሳምር!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

ፈኽሪ ዳቦውን አስቀመጠ። ለሶላት ውዱእ ሊያደርግ እንደተነሣ ሰው እጅጌውን ሰበሰበ፣ መልሶ ዘረጋው፣ ቢስሚላህ አለ። ከዚያም ተስማማ፦ ሐሙስ፣ ከዐስር በኋላ፣ እጁ በሻዲ እጅ፣ መሐረቡ በላያቸው ሆኖ፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሳብ አድርጎ «ጉዳይዋ በእጅዋ ሆኖ» ሊል። ሳያንሾካሹክ፣ ሳይዘፍን፣ ከማዶ ያሉት የሙሽራው አጎቶች ሁሉ እንዲሰሙት አድርጎ።