መሮው በትከሻ፣ ባትሪው በጭነት

አርባ ዓመት የአናጢ መሣሪያ ሲስሉ የኖሩ ሴት፣ መሣሪያው ሻንጣ ውስጥ ሲገባ "እማዬ፣ አንቺ አረፍ በይ" ተባሉ። እትዬ ሞረድ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ፊታቸው አልተፈታም። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ባላቸው እንጨት ሲጠርቡ ስለቱን በሞረድ የሚስሉት እሳቸው ነበሩ። ምላሳቸውም ከሞረድ አይተናነስም የሚል አለ፤ እሳቸውም ሐሰት ነው ብለው አያውቁም።

አሁን ልጃቸው፣ እሱም አናጢ፣ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሩቅ አገር ሥራ ሊገባ ነው። ቀጣሪው "መሣሪያህን ይዘህ ና" ብሎታል፤ ባዶ እጁን ከደረሰ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ልጁና ምራታቸው ከአየር መንገዱ የመጣ አንድ ወረቀት መሬት ላይ ዘርግተው፣ እያነበቡ እየተሟገቱ ሻንጣ ሲሞሉ አረፈዱ።

"ምን ይላል?" አሉ እትዬ ሞረድ።

"ብዙ ነው እማዬ፤ እርስዎን ያደክምዎታል" አለች ምራታቸው።

"ለመስማት ምን ድካም አለው? ጆሮ አያኝክም።"

ሁለቱም ወደ ሻንጣቸው ዞሩ።

ልጁ ፀጉሩን ሊቆረጥ፣ ምራቲቱ ፓስፖርቱን ኮፒ ልታስደርግ እንደወጡ እትዬ ሞረድ ሻንጣዎቹን ከፈቱ። ያዩት ነገር ግራ አጋባቸው። መሮዎቹና የመላጊያው ምላጭ ለጭነት በሚሰጠው ትልቁ ሻንጣ ተከተዋል። የመሰርሰሪያው ሁለት ባትሪ ደግሞ በትከሻ በሚንጠለጠለው ቦርሳ፣ እንደ ሕፃን በፎጣ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ደግመው አዩ። ባትሪ ምን ያደርጋል? አይቆርጥ፣ አይወጋ። ባላቸው ከሥራ ወደ ሥራ ሲዘዋወሩ ሌላውን ዕቃ ጋሪ ላይ ይጭኑ ነበር፤ የተሳለ ነገር ግን ከትከሻቸው ወርዶ አያውቅም። ስለት በሰው እጅ ከተወረወረ ጥርሱ ይረግፋል።

"ልጄ እንቅልፍ አጥቶ ተምታቶበታል" አሉ ለራሳቸው።

ስለቱን አንድ በአንድ በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ልማዳቸው ክሩን ቋጠሩ። ለጠባቡ መሮ አንድ ቋጠሮ፣ ለሰፊው ሁለት፣ ለምላጩ ሦስት። ከዚያ ስለቱን ወደ ቦርሳው፣ ባትሪውን ወደ ሻንጣው አዛወሩ። ለማንም አልተናገሩም። ማን ጠየቃቸውና?

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ዕቃው መፈተሻ ማሽን ውስጥ ገባ። ማሽኑ ቆመ። ፈታሹ ሁለቱንም ወደ ጎን ሳበ።

"ቦርሳው ውስጥ ስለት፣ ሻንጣው ውስጥ ባትሪ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።"

የልጁ ፊት አመድ መሰለ። "በገዛ እጄ ነው ያስገባሁት፤ እንዲህ አልነበረም።" ሚስቱን አየ፤ እሷም እሱን አየችው።

"ምን ያተያያችኋል? እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ሞረድ።

"ምን አደረግሽ፣ እማዬ?"

"አንተ የገለበጥከውን አቀናሁ።"

ፈታሹ አንዱን ጥቅል አነሳ። "እማማ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ሦስት ቋጠሮ ካለው የመላጊያ ምላጭ ነው። በጣትህ እንዳትሞክረው፤ ጣትህ ገና ያስፈልግሃል።"

ፈታው፤ እንዳሉት ነው። ሳቁን ዋጥ አደረገ። "ከተሳፋሪ ጋር ስለት አይገባም፤ ሰው ሊወጋበት ይችላል። ባትሪ ደግሞ ከጭነቱ ጋር ሆኖ እሳት ቢያነሳ የሚያየው የለም፤ ተሳፋሪው ጋ ከሆነ ሰው ይደርስበታል። ቶሎ አቀያይሩትና እለፉ። ውስጥ ድረስ እንዲሁ ቢገባ ስለቱ ይወሰድባችሁ ነበር።"

እትዬ ሞረድ ራሳቸውን ነቀነቁ። የእሳቸው ልጅ ሰው ይወጋል? እሳት የሚያነሳውንስ እግር ሥር አስቀምጦ መብረር ምን የሚሉት ብልሃት ነው? ነገሩ በተፈታ ቁጥር ይበልጥ ተቋጠረባቸው።

ልጁ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጥቅሎቹን ወደ ትልቁ ሻንጣ፣ ባትሪዎቹን ወደ ቦርሳው መለሰ። "ሁሉም ወረቀቱ ላይ ነበረ'ኮ፣ እማዬ።"

"ለእኔ ማን አነበበልኝ?"

ልጁ አቀርቅሮ ሻንጣውን ዘጋ። ከኋላቸው የቆመው ሰው ጋሪውን ገፋ ገፋ አደረገ። እትዬ ሞረድ ነጠላቸውን ሰብስበው ሻንጣው ላይ ቁጭ አሉ።

"ሰዓት ደርሷል እማዬ፤ ተነሺ።"

"እነሳለሁ። መጀመሪያ ያንን ወረቀት አውጣ። ከላይ እስከ ታች አንብብልኝ፤ ያደክማታል ብለህ አንዲት መስመር እንዳትዘል።"