እትዬ ዳጣ

ሰው በገዛ አነጋገሩ «ኮረጅክ» ተብሎ ሲከሰስ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ። ብርሃኔ ተከሳለች። ያውም በቅዳሜ ገበያ፣ እዚሁ ሶዶ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዳጣ ስትሸጥ በኖረችበት ቦታ።

ከሳሾቿ ሁለት ተማሪዎች ናቸው። አንደኛው ከዳጣው በጣቱ ጫፍ ሲቀምስ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሳልም ያዘው። ብርሃኔ እንደ ልማዷ አንገቷን ወደ ጎን ጣል አድርጋ፣ «ምነው አንቺ ልጅ፣ ገና ጡት አልጣልሽም እንዴ?» አለችው። የቤቷ ቋንቋ ወላይትኛ ነው። አማርኛዋ የገበያ ስለሆነ አንዳንዴ ወንዱን አንቺ፣ ሴቷን አንተ ትላለች፤ ዳጣዋ የሚጥም ስለሆነ ደግሞ ለዚህ ግድ ያለው ገዢ ኖሮ አያውቅም። ልጆቹ ግን ተያዩና በሳቅ ፈረሱ።

«እትዬ ዳጣን ነው የምትኮርጂው፣ አይደል?» አላት ሳል የያዘው። «ትችያለሽ። እሷ ግን ትበልጥሻለች።»

ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ስልኩ ውስጥ ያለችው ሜላት ናት፤ የብርሃኔ ታናሽ እህት። የደበዘዘ ሻሽ አጣማ አስራለች፣ አንገቷን ወደ ጎን ጣል አድርጋለች፣ ከፊቷ የቃሪያ ሳህን አለ። «ምነው አንቺ ልጅ፣ ገና ጡት አልጣልሽም እንዴ?» ትላለች። ከሥር ሰዉ በሳቅ እያለቀሰ የሚጽፍላት ለጉድ ነው። ቪዲዮው ሲያልቅ የቦዲቲ የፍራሽ ነጋዴ ማስታወቂያ መጣ።

ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ፣ አለች ብርሃኔ በልቧ። አልተሳሳተችም፤ ግን ያን ቀን የተነከሰችው ገና ጣቷን ብቻ ነበር።

እናታቸው ስትሞት ሜላት ጥርሷ ያልጸና ሕፃን ነበረች። ብርሃኔ ከቢጠና አካባቢ አዝላት ሶዶ ገባች፤ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት እየፈጨች አስተማረቻት። ልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ገብታ «ቴአትር ነው የማጠናው» ስትላት እንኳ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅ፣ ብርሃኔ «ልብሷን እኔ ነኝ የማለብሳት፤ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብላ አፋቸውን አስያዘች። ሜላት ተመረቀች። ሥራ የለም። ቤት ተቀምጣ ጣሪያ ስታይ ከረመችና አንድ ቀን ከተሸጎጠችበት ብድግ ብላ ስልኳን ከመስኮቱ ደገፍ አደረገች። እትዬ ዳጣ የተወለደችው ያን ቀን ነው፤ ወላጇ ሳትጠየቅ።

«ይሄ እኮ ፍቅር ነው እትዬ» አለቻት ሜላት፣ ያን ቅዳሜ ማታ ስትጠየቅ። «ሰው የወደደው አንቺን ነው።»

«እኔን ከወደደ ለምን እኔን ‹ኮራጅ› ይለኛል?»

ሜላት ስቃ ጉንጯን ሳመቻት። ብርሃኔ ያኔ ነገሩን ዋጥ አደረገችው፤ አጥፍታለች። እኔ ብሆን ስልኩን ዳጣው ውስጥ እነክረው ነበር። ወር ሳይሞላ ሜላት ጓዟን ጠቅልላ የራሷን ቤት ተከራየች። ለብርሃኔ ደግሞ የቀራት ነገር እየተሸራረፈ ሄደ። ገዢ መጥቶ ሳይገዛ፣ «እስቲ አንዴ በዪልን» ይላታል። ዝም ስትል «ምነው ኮራሽ» ይላል። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ ጮክ ብላ ስትጸልይ፣ ከኋላ ወንበር ወጣቶቹ አፋቸውን አፍነው ሲንፈቀፈቁ ሰማች። ጌታ ፊት እንኳ እትዬ ዳጣ ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ በልቧ ብቻ መጸለይ ጀመረች፤ ንዴቷ ግን በልብ የሚቀር አልሆነም።

ልትነግራት ሄደች። ሜላት ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለው ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይታ ታሠለጥናለች። በሩ ላይ የተሰቀለው ባነር «ራስን መሆን፤ ፐርሰናል ብራንድ በትወና ጥበብ» ይላል። የወንበሩ ብዛት፣ የተቀመጠው ሰው ዓይነት! ፀጉር ሠሪ፣ ቤት ደላላ፣ ዘማሪ፣ ስልክ ጠጋኝ፣ ሁሉም ሊሸጥ የፈለገውን ፊት ይዞ መጥቷል። ብርሃኔ በሩ ጋ ቆመች።

«ገጸ ባሕርይ ከሰማይ አይወርድም» ትላለች ሜላት። «አንድ እውነተኛ ሰው ያዙ። አካሄዱን፣ አፉን፣ እጁን ቀን ከሌት እዩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ይሄ ሰው የሚደብቀው ቁስል ምንድን ነው? ተመልካች ከብርታታችሁ ጋር አይቆይም፣ ከቁስላችሁ ጋር ነው የሚቆየው። እትዬ ዳጣ ለምን ተሳዳቢ የሆነች ይመስላችኋል?»

ራሷ መለሰች።

«ልጇን ቀብራ ነው። ለተመልካች እስካሁን አልነገርኩም። የምነግረው ለጊፋታ ሰሞን ነው፣ ሁሉም ቤተሰቡ ጋ ሲሰበሰብ። ምስጢር በሰዓቱ ነው የሚከፈተው።»

ብርሃኔ አንድ ልጅ ነበራት፣ ኤልሳዕ። ኦቶና ሆስፒታል ሰንብቶ፣ የሐኪሞቹ ድካም ሁሉ ሳይመልሰው ሄደ። ስሙን ከራሷ በቀር የሚጠራው ሰው እየጠፋ ነው። እሷም ብትሆን ስለሱ ለማንም አውርታ አታውቅም። ዘው ብላ ገባች።

«አንተ ማን ነህ የኔ ልጅ የምትሸጠው?» አለች በገበያ አማርኛዋ፤ ስትናደድ ይብስባታል። «አንገቴን ወሰድሽ፣ ዝም። አፌን ወሰድሽ፣ ዝም። የኔን ሬሳም ልትወስድ ነው? ዳቦ ነው? ቆርሰህ የምትበላው?»

ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ከወንበሩ ተነሣ። አጨበጨበ። ዘማሪው ያፏጫል፤ ፀጉር ሠሪዋ «ወይኔ፣ ቁርጥ እሷን!» ትላለች። ለትምህርቱ የተዘጋጀ ትዕይንት መስሏቸዋል። ብርሃኔ እህቷን አየቻት፤ አንድ ቃል፣ «እውነተኛ እህቴ ናት» የምትል አንድ ቃል ጠበቀች። ሜላት ትንሽ ደነገጠች፣ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዚያ እጇን ወደ ብርሃኔ ዘርግታ ለአዳራሹ ጎንበስ አለች።

«እናመሰግናለን» አለች።

ብርሃኔ ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታስታውስም።

የዘመን መለወጫው፣ ጊፋታ፣ ሲቀርብ ወላይታ ውስጥ ጠብ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው። በሬ የሚጋራው በሬውን ይጋራል፣ ቅቤ ያጠራቀመችው ቅቤዋን ታወጣለች፣ የተጣላ ደግሞ ተጠርቶ ይታረቃል። ቂም ይዞ ዓመት የሚሻገር ሰው ከሥጋው የሚቀርብ፣ ደጁንም የሚረግጥ የለም። የሁለቱ እህትማማቾች ጠብ በሰው አፍ ዞሮ ዞሮ ቦዲቲ የሚኖሩት የአባታቸው ወንድም ጋሽ ኤርሳዶ ዘንድ ደረሰ። ሁለቱንም አስጠሩ። ብርሃኔ በአንድ ሚኒባስ፣ ሜላት በሌላ ሄዱ።

ጋሽ ኤርሳዶ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። የመሬት ድንበር፣ የጠፋ ጥጃ፣ የተገፋ አጥር ሲዳኙ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ንግግሩ ሁሉ በወላይትኛ ነበር።

«ምንሽን ወሰደችብሽ?» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ።

«አነጋገሬን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቁን በሳል ሸፈነው። «ልጄ፣ አነጋገርሽ ይኸው አፍሽ ውስጥ አለ እኮ» አላት።

«እሺ፣ እሱን ትውሰደው» አለች ብርሃኔ። «የመጣሁት ለሌላ ነው። የልጄን ሞት በስልክ እንዳታወጣ ቃል ትግባ። ከገባች ታርቄያለሁ። ሌላ አልጠይቅም።»

«ይሄማ ተገቢ ነው» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። «ሜላት፣ ተነሺ። እህትሽን ይቅርታ ጠይቂ፣ ቃልሽንም ስጪ።»

ሜላት ተነሣች። መጀመሪያ ድምፅ አልነበራትም፤ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ ግንባሯን ከግድግዳው ላይ አሳረፈችና ግድግዳውን በመዳፏ ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው፤ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቀስ። ከዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ መጣ፤ እናት ከሜዳ ልጇን ለእራት የምትጠራበት ድምፅ። «ና» ይላል። «ና በቃ፣ ና።»

የሽማግሌዎቹ ዓይን ሞላ። ቅድም የሳቀው ሰውዬ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ያዘ። «በቃ ልጄ፣ በቃ» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ፤ ድምፃቸው ተሰብሯል። ወደ ብርሃኔ ዞሩ። እሷ ደረቅ ፊት ይዛ ተቀምጣለች፣ አንድ ጠብታ የላትም።

«አንቺ ሰው ነሽ ድንጋይ?» አሏት። «አታዪያትም? በእንባ የመጣ ሰው አይመለስም። ተነሽና እቀፊያት።»

ብርሃኔ ተነሣች እንጂ አላቀፈቻትም።

«ይሄ ለቅሶ የማን እንደሆነ ልንገራችሁ?» አለች። «የኔ ነው። ኤልሳዕን ከክፍሉ ሲያወጡልኝ ኦቶና ኮሪደር ላይ ያለቀስኩት ነው። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አድርጌ፣ እንደዚሁ እየመታሁ፣ እንደዚሁ ጠራሁት። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፣ ያየኝም ሰው የለም። ይቺ ብቻ ነበረች። ከኮሪደሩ ጫፍ ቆማ ታየኝ ነበር። አንድ እንባ አልነበራትም። ደንግጣ ነው ብዬ አዘንኩላት፤ ልጄን ቀብሬ እሷን አባበልኳት። ለካ እየተማረች ነበር።»

ሜላት ከግድግዳው ዞረች። እንባዋ አሁንም ይወርዳል።

«እትዬ፣ አሁን የምሬን ነው» አለች። «እውነቴን ነው የማለቅሰው። ሌላ ማልቀሻ ስለማላውቅ ነው።»

የምሯን ሊሆን ይችላል። ብርሃኔም ሳታስበው አልቀረችም። ግን እውነት ቢሆንስ? የተሰረቀ ነገር ሌባው ስለወደደው የሌባው አይሆንም። ለልጇ የቀራት እሱ ብቻ ነበር፣ አንድ ጊዜ ያለቀሰችለት ለቅሶ። አሁን ልታለቅስለት ብትል እንኳ የሚሰማው ሁሉ «ሜላትን መሰለች» ይላል።

ጋሽ ኤርሳዶ ጥጃ ቢሆን ያስመልሱ ነበር፤ ድንበር ቢሆን ገመድ ይዘረጉ ነበር። «እንግዲህ... ምን ይደረግልሽ?» አሉ በመጨረሻ። «ምን ትመልስልሽ?»

«ምንም አትመልስም። በስልክም ታውጣው፣ አታውጣው፣ ግዴለኝም፤ እዚህ ፊታችሁ አውጥታዋለች።» ወደ እህቷ ዞረች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምልሽ። ስሞት ቀብሬ ላይ እንዳታለቅሺ። ድንኳኔ ውስጥ እንዳትቀመጪ። ሰው ‹እህቷ የት አለች› ብሎ ቢጠይቅ፣ ‹አዛኝ የለኝም ብላለች› ይበሉት።»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። ቂምን ዓመት አሻግሮ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ እስከ መቃብር መያዝ ግን በወላይታም በየትም የሚሰማ ቃል አይደለም። «ይሄን አንሺው» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ፣ ከመቀመጫቸው ተነሥተው። «ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ይሄን ቃል መልሺው። ርግማን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ብርሃኔ።

ሜላት ፊቷን ልትጠርግ እጇን አነሣች፤ የእጇን አንጓ አዙራ ወደ ዓይኗ ወሰደችው። ብርሃኔ ናት እንደዚያ የምትጠርገው፣ ጣቷ ሁልጊዜ ቃሪያ ስለሚነካ ዓይኗን እንዳያቃጥላት። የሜላት ጣት ቃሪያ ነክቶ አያውቅም። እጇ መንገድ ላይ ቆመ። በምን እንደምትጠርገው ጠፍቷት፣ እንባው አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እጇን አንጠልጥላ ቀረች።

ብርሃኔ ይህን አየች፤ ደስም አላት። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ሚኒባስ ተሳፈረች። ደስታው ሶዶ እስክትደርስ ቆየላት።