ሰርኪስ የሚል ካርድ

ያቭነ ከተማ፣ የሙሽራው አባት ሳሎን ውስጥ፣ ዘር ቆጠራው አራተኛው ስም ላይ ሲደርስ ቆመ።

እንግዲህ የኛ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ይቆጥራል። የሴቷም የወንዱም ወገን ፊት ለፊት ተቀምጦ ከልጁ ተነሥቶ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እዚህ አገር ገብተን ብዙ ነገር ጥለናል፤ ይህችን ግን አልጣልናትም። የሙሽሪት አባት ደባሱም የልጁን የማዕያንን ወገን ይቆጥር ጀመር። «ማዕያን ደባሱ፣ ደባሱ ፈንታ፣ ፈንታ ሰርኪስ…»

«ቆይ እስቲ» አለ ንጉሴ፣ የሙሽራው የኢላይ አባት። «ሰርኪስ ምን ዓይነት ስም ነው?»

«የአያቴ ስም ነው። መታወቂያዬም ላይ የቤተሰብ ስሜ እሱ ነው።»

የኢላይ ታናሽ ሊኦር ስልኩን ጎርጎር አደረገና «አባ፣ የአርመን ስም ነው። እዚህ ተጽፏል» አለ።

«አርመን ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» አለች የኢላይ እናት የሻሽወርቅ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ሁሉንም እያየች።

የደባሱ ደም ፈላ። እዚያ አገር ቤት ፈላሻ አሉት፣ ቻለ። እዚህ ኩሺ፣ ጥቁር አሉት፣ ቻለ። አሁን ደግሞ የገዛ ወገኑ አርመን አለው፤ ያውም ከስልክ አንብቦ።

ንጉሴ ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። «ለክፋት አይደለም፣ ይረዱኝ» አለ። «አራት መቶ ሰው ይጠራል። ሰው ደግሞ ያወራል። ግብዣው ካርድ ላይ ደባሱ ብቻ ይባል፤ ሰርኪስ የሚለው ይቅር። ከፈለጉ አንድ ፎርም ሞልተው በዕብራይስጥ ያማረ ስም ይውሰዱ። እኔ የቤተሰብ ስሜን ለውጬ ኦር ተብያለሁ፤ ምን ጎደለብኝ?»

«ካርዱ መቼ ነው የሚታተመው?»

«እሑድ።»

«እስከ እሑድ ይታገሡኝ። ስሙ ከየት እንደመጣ ጠይቄ እመጣለሁ። ከካርዱ ግን አይወጣም።»

«ካልወጣ እንግዲህ» አለ ንጉሴ ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ፣ «ሠርጉ ይቆያል።»

ወደሚኖሩበት ወደ ቂርያት መላኪ ሲመለሱ መኪናውን የያዘችው ማዕያን ነበረች። ቤታቸው ስር ስታቆም «አባ፣ ወረቀት ነው እኮ። ይቅር በቃ፣ ቤሰደር? እሺ?» አለችው። ዓይኗ እርጥብ ነው።

«ቤሰደር አይደለም» አላት። «እዚህ አገር ስንገባ አንዲት ጸሐፊ ደባሱ ይከብዳል ብላ ዳኒ ብላኝ ነበር። አንገቴን ነቀነቅሁ። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሚፍዓል፣ ፋብሪካው ውስጥ ዳኒ ና፣ ዳኒ ሂድ ስባል እኖራለሁ። አንዱን ሰጠሁ፤ ሁለተኛውን አልሰጥም።»

እንዲህ ይበል እንጂ እሱም አያውቅም። አባቱ ገና በልጅነቱ ሰባቱን ቤት አስቆጥሮታል፤ ሰርኪስ ለምን ሰርኪስ እንደተባለ ግን አልነገረውም። በሆዱ «አርመን ብንሆንስ?» አለ። ይህችን ለማዕያን አልነገራትም።

ዓርብ ጠዋት ገዴራ ሄደ። የሰርኪስ ልጆች ሁሉ አልፈው የቀረችው አክስቱ ጠጅቱ ብቻ ናት። ከፎቁ ስር አግዳሚ ወንበር ላይ፣ መደገፊያዋን ከፊቷ አቁማ ፀሐይ ትሞቃለች።

«አክስቴ፣ አርመን ነን ወይ?»

«ማን አለህ?»

«ስልክ።»

«ስልክ የማንን ልጅ አዋልዶ ያውቃል?» ብላ ሳቀችበት። ከዚያ መደገፊያዋን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው።

«የአባቴ እናት አራት ወልዳ አራቱንም ቀበረች» አለች። «አምስተኛው ሲመጣ ለባዕድ ካልተሰጠ አይበረክትም ተባለ። ልማድ ነው። ሞት ሲመጣ የኔ አይደለም፣ የሰው ነው ትለዋለህ። ባሏ ይርዳው ቀጥቃጭ ነበር። ጎንደር ከተማ ለተቀመጠ አንድ አርመን፣ ብር ሠሪ ነው፣ መዶሻና ወረንጦ ይሠራለታል። ሕፃኑን ወስደው ከሰውዬው ደጅ አስቀመጡት። ወጣና አነሣው። ስም አውጣለት አሉት።»

«እሺ?»

«ሕፃኑን አቅፎ አየው ይባላል። ከዚያ ሰርኪስ አለው። ለካ በአገሩ በሰይፍ የታረደበት የልጁ ስም ነው። በአንድ እፍኝ ሽምብራ መልሰው ገዙት። እናቱም ልጁን ታቅፋ ወንዝ ወረደች፤ የባዕድ እጅ ነክቶታላ፣ ሳትነከር መንደር አትገባም። ከነዚያ ሁሉ ልጆች አንድ ሰርኪስ ተረፈ፤ እኛ ሁላችን የሱ ነን።»

«ለምን ሳትነግሪኝ ቆየሽ?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? ዛሬስ ስልክ ባያስደነግጥህ መች ትመጣ ነበር።» ጉልበቱን መታ አደረገችው። «በል ደስ ይበልህ፤ ደማችን የኛው ነው። ለዚያ ሰው ንገረውና ይረፍ።»

ደባሱ ቀለል አለው። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ነገሩ እንደገና ከበደው። ደማችን የኛው ነው ብሎ ከገባ፣ ባይሆን ኖሮ ንጉሴ ሊሰርዘው መብት ነበረው ማለት አይደል? አርመኑ እኮ የሞተ ልጁን ስም ነው የሰጠ።

እሑድ ማታ ከማዕያን ጋር ያቭነ ገባ። የቀረበለትን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ካቆማችሁኝ ቦታ ልቀጥል። ፈንታ ሰርኪስ፣ ሰርኪስ ይርዳው፣ ይርዳው ጎላ፣ ጎላ ተገኝ። ሰባት ሞላ።» ከዚያ ጠጅቱ የነገረችውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ተናገረ።

የንጉሴ ፊት ፈካ። «እንዲያማ ከሆነ አርመን አይደላችሁም! ለሞት ማታለያ የወጣ ስም ነው። ታዲያ ቢቀር ምን ይጎዳል?»

«አርመን ብንሆንም አይቀርም ነበር» አለ ደባሱ። «አያቴን ያተረፈ ስም ነው። እሱ ባይተርፍ ይቺ ልጅ አትኖርም፤ ልጅዎም ሌላ ይፈልግ ነበር። ለእንግዶችዎ ብዬ አልሰርዘውም። አሁን ደግሞ የእርስዎን ወገን ይቁጠሩልኝ።»

ንጉሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢላይ ንጉሴ፣ ንጉሴ አዱኛ፣ አዱኛ ፈረደ፣ ፈረደ…»

ቆመ። ጣሪያውን አየ። ሚስቱን አየ።

«ስልኩን ይጠይቁት» አለ ደባሱ።

የሻሽወርቅ ሳቋ አመለጣት፤ በነጠላዋ ጫፍ አፈነችው። ንጉሴ ግን ጆሮው ድረስ ቀላ። ደባሱ እንዲህ ያለ ቀን ሲመኝ ዕድሜውን ፈጅቷል፤ ገና ብዙ ሊል አፉ ላይ ነበረ። ማዕያን አየችው። ዋጠው።

«የቀሩትን ሦስት ቤት ሽማግሌ ጠይቀው ያምጡ፣ ጊዜ አለ» አለ። «እኔ በዚህ ሰበብ ሠርግ አላስቆምም።»

«አባ፣ ያላ፣ በል ይታተም» አለ ኢላይ። ንጉሴም «ይታተም» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ካርዱ ደርሶ፣ ደባሱ ቤኤር ቱቪያ፣ በሚሠራበት ፋብሪካ መጋዘን በር ላይ፣ ለአለቃው ለሳጊ አንዱን ሰጠው።

ሳጊ አነበበ። «ደባሱ ሰርኪስ ማነው?»

«እኔ።»

«ዳኒ አይደለህ እንዴ?»

«አይደለሁም።»

ሳጊ ካርዱን ገለበጠ፣ መለሰ። «ሰርኪስ የአርመን ስም አይደል?»

«የአያቴ ነው» አለ ደባሱ። የካርቶን መግፊያውን ያዘና ወደ ውስጥ ሄደ። ከኋላው ሳጊ ቃሉን እየሰበረ «ደ… ባ… ሱ» ሲል ሰማው።

ስሙ እስከ መጨረሻው እስኪጠራ ጠብቆ ነው ዞር ያለው።