የጊዮርጊስ ተረኛ

ወይዘሮ አልጋነሽ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ከተኳረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አንድ ልጃቸው እምሩ ሳንባው ታሞ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ፣ በምኒልክ አደባባይ ሲያልፉ ቤተ ክርስቲያኑን አይሳለሙም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው እብስ ነው። ጣልያን ባላቸውን በገደለባቸው ጊዜ እንኳ እንዲህ አልከፉም፤ ያኔ እምሩ እቅፋቸው ውስጥ ነበረ። አሁን አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው።

የባሰው ደግሞ የዚህ ወር የጊዮርጊስ ማኅበር ተረኛ እሳቸው መሆናቸው ነው። ጽዋውን ሲረከቡ ልጁ ደህና ነበር። አሁን ጠላ አልጠመቁ፣ ዳቦ አልደፉ፣ ለማኅበርተኞቹም ትንፍሽ አላሉ። «እሱ የኔን ካልሰማ እኔ ለሱ ምን አስደገሰኝ!» ብለው፣ ሃያ ሦስት ሲነጋ በሩን ዘግተው ወደ ልጃቸው ሊሄዱ ቆርጠዋል። በዋዜማው ሐኪሙ «ሌሊቱን ካለፈ ተስፋ አለው» ብሎ ወደ ቤት ሸኝቷቸው ነበር። እንቅልፍ የሚባል በዓይናቸው አልዞረም።

ጎህ ሲቀድ የግቢው በር ተንኳኳ። በመስኮቱ አጮልቀው ቢያዩ የዶሮ ማነቂያ ሰፈር ጎረቤት ደጃቸው ላይ ቆሟል፤ ጋቢውንና ነጠላውን ተከናንቦ፣ ድምፁን አጥፍቶ። ማኅበርተኞቹ ብቻ ቢሆኑ ለጽዋው መጡ ይሉ ነበር። መሃላቸው ግን ባለሱቋ ሸሪፋ አለች። እስላሟ ሸሪፋ በጊዮርጊስ ማኅበር ምን ልታደርግ ትመጣለች? በዚህ ሰዓት እንዲህ ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው የሚያመጣው መርዶ ነው።

«ልጄን!» ብለው ደረታቸውን እየደቁ ወጡ። በሩን ከፍተው እዚያው መሬት ላይ ዘፍ አሉ።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ገብረዮሐንስ፣ ከመደንገጣቸው የተነሳ ጋቢያቸው ወደቀ። ከሥሩ ትልቅ ድፎ ዳቦ ብቅ አለ።

«ምን ሰማሽ አልጋነሽ?»

«እናንተ ንገሩኝ እንጂ! እምሩ መቼ አረፈ?»

«በስመ አብ! ማን አረፈ አለሽ? ልጅ እያስታመምሽ በየት በኩል ትደግሻለሽ ብለን፣ ተራሽን ልንደግስልሽ ነው የመጣነው። ተኝተሽ እንደሆነ ብለን ነው ድምፃችንን ያጠፋነው።»

«ሸሪፋስ?»

ሸሪፋ ከነጠላዋ ሥር ማሰሮ አወጣች። «ብርዝ ነው እትዬ። ጠላ እንደማልነካ ያውቃሉ፤ ታዲያ ባዶ እጄን ልምጣ?»

«ስለ ልጄ ምንም አልሰማችሁም?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ኧረ ምንም፣ እትዬ።»

ይሄኔ ነው አልጋነሽ ከልባቸው ያለቀሱት። አፈሩ ላይ እንደተቀመጡ የሸሪፋን ጉልበት አቅፈው፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ። ሲወጣላቸው ተነሱና ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«የእምሩን ድርሻ ስጡኝ፤ ልሂድ።»

ቄሱ ገና አልመጡም። አቶ ገብረዮሐንስ በዕድሜያቸው ያልተባረከ የማኅበር ዳቦ ቆርሰው አያውቁም፤ ያን ዕለት ግን ቆረሱ።

አልጋነሽ ቁራሹን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። ጊዮርጊስ ደጅ ሲደርሱ እግራቸው ቆመ። ቀርበው በሩን ተሳለሙ፤ ግንባራቸውንም ከእንጨቱ ላይ አላነሱም።

«ሌሊቱን አልፎ እንደሆነ አላውቅም» አሉት። «ግን እስካሁን ማንም መጥቶ አልነገረኝም። ለዚህም ተመስገን።»

ዳቦውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ሄዱ።