ከኤልሳዕ እጅ የተረፈው ዱቄት

ኤልሳዕ በጦርነቱ ከመሞቱ በፊት፣ ቤተ ሙከራው ሲዘጋ፣ ከሥራው ያተረፈው አንዲት ብልቃጥ ጥቁር ዱቄት ነበር። እናቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ሓድነት ሰፈር ባለው ቤታቸው ከፎቶው ጎን አስቀምጠዋታል። አሁን መምህሩ ታመነ ያችኑ ብልቃጥ ሊለምን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል። የልጃቸውን መቃብር እንኳ የማያውቁትን እናት ምን ብሎ ይለምን?

«አደይ፣ እናቴ፣» አለ እንደምንም፤ «ይህ ዱቄት ከአሞኒያ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ነው። አሞኒያው በነፋስ ኃይል ይሠራል፤ ሃይድሮጅኑ መብራት ሲጠፋ ሕሙማን የተኙበትን ክፍል ያበራል። እኛ የሠራነው ሁሉ ወዲያው እየደከመ አስቸገረን። ኤልሳዕ ‹የእኔ አይደክምም› ይል ነበር፤ አሠራሩ ግን ከኮምፒውተሩ ጋር ተዘረፈ። ልክ መሆኑን ማወቅ አለብኝ።»

«ስትሞክሩት ያልቃል?»

«አያልቅም። እንደ ሽማግሌ ነው፤ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅንን አፋትቶ፣ እሱ እንደ መጣ ይመለሳል።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ብልቃጡን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። «እንግዲያው ይመልሱልኝ፣ መምህር። ሸኝቼው ያልተመለሰው ይበቃኛል።»

«እመልሳለሁ» አለ። ቃል የእምነት ዕዳ ነው፤ ኬሚስት ደግሞ እንዲህ ያለ ዕዳ ውስጥ ባይገባ ይሻለው ነበር።

ዱቄቱ በጋለው ቱቦ ውስጥ ሳምንታት ሠራ። የሚወጣው ሃይድሮጅን መጠን በመለኪያው ላይ ከመጀመሪያው ቀን ንቅንቅ አላለም። ልጁ ልክ ነበር! ታመነ የቤተ ሙከራውን በር ዘግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ዕለቱ የኤልሳዕ ሙት ዓመት ነበር። ታመነ ብልቃጡን ለጸሎቱ ሊያደርስ ቸኮለ። እንዲህ ያለ የብረት ዱቄት ከቱቦው ከመውጣቱ በፊት ከአየር ጋር ቀስ በቀስ መላመድ አለበት፤ ይህን ለተማሪዎቹ ሲጮህ የኖረው ራሱ ነው። ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ቱቦው እንደ ቀዘቀዘ ከፈተው። ዱቄቱ አየር ሲነካው ፍም ሆነ። ከዚያ የቀረው ብልቃጡ ውስጥ መልሶ የጨመረው ቀይ ዝገት ነበር፤ ቢመረመር ከምን እንደተሠራ ይናገራል እንጂ እንደ ቀድሞው አይሠራም።

ሓድነት ሲደርስ ጸሎቱ አልቆ እንግዶች ዳቦ ይቆርሳሉ። ወይዘሮ አስካለማርያም ደጅ ድረስ ወጥተው ተቀበሉት።

«አደይ፣ እንደ መጣ አልተመለሰም። በችኮላዬ አቃጠልኩት። ይቅር ይበሉኝ።»

ብልቃጡን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት። «መጀመሪያ ይሄን ይንገሩኝ። ልጄ ልክ ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«ሓቂ? እውነት?»

«ሓቂ፣ አደይ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ብልቃጡን ከፍተው ከዱቄቱ ቁንጥር ያህል በመሐረባቸው ቋጠሩና በእጁ አስጨበጡት።

«ይሄ ለሥራችሁ ይሁን፤ እንዴት እንደሠራው ፈልጉ።» ክዳኑን መልሰው አጠበቁት። «የቀረውን ለእኔ ይተዉልኝ። እስከ ዛሬ የምቀብረው አልነበረኝም።»