መዶሻ የማይነሳባቸው ቀኖች

ክሮቼራ ሳይናገር አይሞትም። ከንፋስ መውጫ ከተነሳን ጀምሮ ነዳጅ በለቀቅሁ ቁጥር ከላንድሮቨሯ ሆድ ሥር፣ ዘንግ የሚያጋጥመው ያ መስቀለኛ ብረት ቋ፣ ቋ ይል ነበር። ሰማሁት። ስማዳ እስክንደርስ ብቻ ቻለው አልኩት። አልቻለውም። አንድ አቀበት መሐል ላይ ተሰበረና፣ ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ወርዶ ድንጋዩ ላይ ተዘረጋ። በፊት ጎማ ብቻ እንዳልሄድ አቀበቱ የሚቀመስ አይደለም። ለመንገድ ጥናት የጫንኳቸው ሁለቱ ባለሙያዎች እስኪበቃቸው ሰደቡኝና በቅሎ ተከራይተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እኔ አዲስ ክሮቼራ እስኪላክልኝ ከመኪናዬ ጋር ቀረሁ።

ያስጠጉኝ አያ ደምሌ ናቸው። ቤታቸው ከመንገዱ በላይ፣ ጉብታ ላይ ለብቻው የቆመ ጎጆ ነው። ሚስታቸው ብርቄ በክረምቱ መግቢያ አርፈዋል። ልጆቻቸው ለአጨዳ ሁመራ ወርደው እዚያው ቀርተዋል። ካሣነሽ የምትባል ጎረቤት እንጀራ ጋግራ ታመጣና ደጃፍ ላይ ሰጥታቸው ትመለሳለች። እኔ ሰው የሚበዛበት ቤት አልወድም፤ ይህኛው ተስማማኝ። ያስቸገረኝ ማዕድ ላይ ነው። ሽማግሌው ዓይን ዓይኔን እያዩ ነው የሚበሉት። እጄን ካነሳሁ እሳቸውም ያነሳሉ። ጠገብኩ ስል "በሞቴ!" ብለው ያጎርሱኛል።

ክሮቼራው ከገበያ በሚመለስ ነጋዴ እጅ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረሰኝ። ሥራው ብዙ አይደለም፤ አሮጌውን በመዶሻ ማስወጣት፣ አዲሱን በመዶሻ ማስገባት፣ ግራሶ የሚባለውን ቅባት መሙላት ነው። በማግስቱ ጧት መዶሻዬን ሳነሳ አያ ደምሌ ከኋላዬ ደረሱ።

"ምን ልታደርግ ነው፣ ፈንታው?"

"ልመታው ነዋ።"

"ዛሬ? ሚካኤል እኮ ነው! ብረት ቀጥቅጠህ በረዶ ቢወርድ ለደብሩ ገብስ አንተ ልትጠየቅ ነው?"

ጥቅምት ነው፤ ገብሱ ደርሷል። በሰው አገር በረዶ አወረደ መባል አልፈለግሁም። መዶሻውን አስቀመጥኩ። በማግስቱ ደግሞ እግዚአብሔር አብ ሆነ። ከዚያ አቡነ አረጋዊ። እኔ የማውቀው መሥሪያ ቤት የሚዘጋበትን በዓል ብቻ ነው፤ ከሽማግሌ ጋር በቅዱሳን ቀን ልከራከር አልችልም። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ጥላ ሥር ተጋድሜ ማዶ ማዶ ሳይ ዋልኩ። ነፋሱ ብርድ ነው፤ የሚያልፍ ሰው እንኳን የለም።

ከዚያ ቂርቆስ መጣ። ያን ዕለት ማዶ ተዳፋቱ ላይ ሰዎች ጎንበስ ብለው ገብስ ሲያጭዱ አየሁ። ዘፈናቸው ሳይቀር ይሰማል።

"እነዚያስ?" አልኳቸው።

"እነሱ የሌላ ደብር ናቸው" አሉኝ አያ ደምሌ፣ ቀና ሳይሉ።

ከሰዓት በኋላ የደብሩ ቄስ፣ ቄስ ታፈረ፣ መኪናዋን ሊያዩ መጡ። እጃቸው ላይ ማጭድ አለ።

"አባ፣ በቂርቆስ ማጭድ ይያዛል እንዴ?"

"ለምን አይያዝም? በየወሩ ቂርቆስን ካከበርን ገብሱን ማን ሊያነሳልን ነው? ይልቅ አንተ ለምን ሥራ ፈተህ ተቀመጥህ? ታመምህ?"

"ማዶ ያሉትስ የየትኛው ደብር ናቸው?"

"የኛው ናቸው እንጂ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳጭድ ነው የዋልሁ።"

ደሜ ፈላ። ቄሱን እዚያው አቁሜ ጎጆው ውስጥ ገባሁና ጮህኩባቸው። "በቅዱሳን ስም ይዋሻል? ከሥራ ሊያስባርሩኝ ነው? ምን በድዬዎት ነው?"

አያ ደምሌ ምድጃው ሥር ተቀምጠው ሽሮ ያማስሉ ነበር። አልተቆጡም። ማማሰያውን አስቀመጡ።

"ብርቄ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነው የምበላ" አሉ። "ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማህም? እሱን ፈራሁ። ቂርቆስ ሕፃን ነው፤ እሱ እንኳ ይምረኛል ብዬ ነው።"

ሾፌር ብቻውን መብላት የለመደ ፍጡር ነው። በየከተማው ምግብ ቤት ጥግ ይዤ፣ ግድግዳ እያየሁ ስበላ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ፈርቼ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ፈራሁ። ቢሆንም ቁጣዬ አልበረደልኝም። መዶሻዬን ይዤ ወጣሁ።

ተከትለውኝ ወጡና ዘንጉን ደግፈው ያዙልኝ። የአሮጌው ክሮቼራ መርፌ መርፌ የሚያካክሉ ብረቶች ተፈጭተው ቀይ ዱቄት ሆነዋል። አዲሱን መትቼ አስገባሁ፤ ግራሶውን ሞላሁ፤ ከመኪናዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ዘንጉን አሰርኩ። የመዶሻው ድምፅ ሸለቆውን ሲሻገር አጫጆቹ ቀና ቀና እያሉ አዩን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን። ራታችንን በልተን ተኛን።

ጧት ስወጣ አያ ደምሌ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው መኪናዋ አጠገብ ቆመዋል።

"እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም። እስከ ወንዙ ልሸኝህ።"

በሩን ከፍቼ አስገባኋቸው። ወንዙ ጋ ስንደርስ "ይብቃዎት፣ ይመለሱ" አልኩ፤ ወጉ ነው። "ትንሽ ልሂድ" አሉ፤ ይህም ወጉ ነው። በእግር ሲሆን ትንሽ ማለት እስከሚቀጥለው ዛፍ ነው። መኪናዋ ደግሞ ጤነኛ ሆና ሽቅብ ትበራለች። ይብቃዎት እላለሁ፤ ትንሽ ልሂድ ይላሉ። ዘወር ብዬ ሳይ ጉብታቸው ከጋራው ወዲያ ቀርቷል። አቆምኩ።

"አያ ደምሌ፣ ይህን ሁሉ በእግርዎ እንዴት ሊመለሱ ነው? ይቆዩ፣ ላዙርና ቤትዎ ላድርስዎት።"

ፊታቸው በራ። ዞሬ የመጣንበትን መንገድ ማየት ስጀምር ክንዴን ያዙኝ።

"ተው ልጄ" አሉ። "ቤቴ ታደርሰኝና ደግሞ ትሄዳለህ። በአንድ ጧት ሁለት ጊዜ ልለይህ ነው?"

ዱላቸውን አስቀድመው ወረዱ። የመኪና በር ዘግተው ስለማያውቁ ክፍቱን ትተውት ቁልቁል ሄዱ። ጥቂት ቆይቼ፣ ዘንበል ብዬ ዘጋሁት።